የእናት ቤት ደም

«በእናቷ ቤት ደም የማይቆምለት ወንድ አለ?» ብለው ጠየቁ አያ ገበየሁ።

«የለም» አሉ እማማ ለተሥላሴ። ጥያቄው ገና ከአፋቸው ሳያልቅ ነበር የመለሱላቸው።

የተጠየቀችው ግን አገኘሁሽ ነበረች። ከመጋረጃው ጀርባ በአራስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇን ጡት እያጠባች፣ ጥያቄውንም መልሱንም ሰማች። አያ ገበየሁ ሰቆጣ ውስጥ አባትንም ልጅንም የገረዙ ሰው ናቸው። ምላጭ ከማንሣታቸው በፊት ይህችን ጥያቄ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፤ የምትጠየቀውም እናት ናት፤ ነገሩ በእናት በኩል እንደሚመጣ ከልምድ ያውቃሉና። ይሁን እንጂ ባዕድ ወንድ አራስ ወደተኛችበት መጋረጃ አይዘልቅም፤ አራስም ድምጿን ከፍ አድርጋ ከባዕድ ወንድ ጋር አትነጋገርም። ስለዚህ ጥያቄው መጋረጃው አጠገብ ለቆመች ሴት ይነገራል፤ እሷ ወደ አራሷ ታደርሳለች፤ መልሱንም ይዛ ትመለሳለች። በዚህ ቤት ያቺ ሴት የባሏ እናት ነበሩ። እማማ ለተሥላሴ ወደ መጋረጃው ዞር እንኳ አላሉም።

«ሰባት ቤት ቆጥረን ነው ያመጣናት» ሲሉ ጨመሩ። «ቁምጥና የለ፣ የሚጥል በሽታ የለ። ንጹሕ አጥንት!»

«እንዲያ ከሆነ ፀሐይ ሞቅ ሲል እመለሳለሁ። በብርድ አይገረዝም። እዚህ ታች አንድ ቤት ደርሼ ልምጣ።»

የአያ ገበየሁ ጫማ በጠጠሩ ላይ እየራቀ ሲሄድ አገኘሁሽ አዳመጠች። ቀኑ ስምንተኛው ቀን ነው፤ ወንድ ልጅ የሚገረዝበት። የተከራዩት ቤት ሁለት ክፍል ተብሎ ይጠራ እንጂ አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ አልጋው፣ ከትራሱ ሥር ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ የተደረገው ቢላዋ፣ የአጥሚት ፔርሙዝ፣ ከመውለዷ በፊት ገበያ ላይ ልብስ ትሰፋበት የነበረው ሲንጀር፣ በላዩም የተቆለለ የሕፃን ጨርቅ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ አግዳሚ ወንበር፣ ከአማቷ አገር ከፃግብጂ የመጣ የማር ቅል፣ እግሩ ታስሮ ለምሳ የሚጠብቅ ዶሮ። እማማ ለተሥላሴ ዶሮውን ሲገዙ ስምንት መቶ ብር ተጠየቅሁ ብለው ሦስት ጎረቤት ጠርተው ተማረዋል፤ ቢሆንም ገዝተውታል፤ የመጀመሪያ ወንድ የልጅ ልጃቸው ነው። ቅቤውንም ከአገራቸው ይዘው መጥተዋል። በመጡበት ቀን መደብ ላይ ተንበርክከው የልጁን እግር ስመው አልቅሰዋል። ክፉ ሴት አይደሉም። አገኘሁሽን ያስቸገራትም ይኸው ነው።

መልሱ ሐሰት ነበር። አገኘሁሽ ልጅ ሳለች አምደወርቅ በእናቷ ቤት መንግሥቴ የሚባል ወንድም ተወልዶላት ነበር። በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ ደሙ አልቆም አለ፤ ቅቤ ተደረገለት፣ ቅጠል ተደረገለት፣ ጠበል ተረጨ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጨርቁን ወንዝ ወርዳ ያጠበችው እሷ ናት። ሰው በላው ተባለ። ቀጥሎም የገራዡ እጅ ክፉ ነው ተባለና ሰውየው ልጁን የሚሰጠው ሰው አጥቶ አገር ለቆ ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ታላቅ እህቷ ብርሃነሽ ወንድ ወለደች። እሱም ሲገረዝ ሊሞት ደርሶ ሆስፒታል ደም ተሰጥቶት ተረፈ፤ ዛሬም ጥርሱ ሲነቀል አፉ ቀናት ይደማል፤ በወጉ ሳይወድቅ ጉልበቱ ያብጣል። ደሴ ያየው ሐኪም ለብርሃነሽ በግልጽ ነግሯታል። ደሙን የሚያረጋው ነገር ይጎድለዋል፤ በሽታው በእናት ወገን ይሄዳል፤ እናቶቹ አይታመሙም፤ ከሚወልዷቸው ወንዶች ግማሽ ያህሉን ይይዛል፤ እህቶችሽም ወንድ ከወለዱ ሳይመረመር ምላጭ እንዳይነካው። ብርሃነሽ ይህን ለእናቷና ለአገኘሁሽ ተናገረች። እናታቸው ሰምተው ሲያበቁ «ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይውጣ» አሉ። አልወጣም። አገኘሁሽ ስትዳር ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ አባትና አያት ጠየቁ፤ አገር ጠየቁ፤ በጨቅላነቱ ስለሞተ ልጅ የጠየቀ ማንም አልነበረም።

እማማ ለተሥላሴ መጋረጃውን ገልጠው አጥሚት ይዘው ገቡ።

«ጠጪ፤ ዛሬ ጉልበት ያስፈልግሻል። ሲያለቅስ ሆድሽ እንዳይባባ።»

«እማማ፣ አያ ገበየሁ የጠየቁት እኔን አልነበረም?»

«አንቺን ነው እንጂ።»

«ታዲያ ምነው ሳይጠይቁኝ መለሱ?»

እማማ ለተሥላሴ ሳቁ። «ምን ልትይኝ? አዎ ልትይኝ? ይቺ እኮ ጥያቄ አይደለችም፤ እንደ ደኅና አደራችሁ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን ትባላለች፣ ታልፋለች።» የልጁን ጉንጭ በጣታቸው ነካ አደረጉና ወደ ዶሮአቸው ወጡ።

አገኘሁሽ ድስቱ ሲንኳኳ፣ ጎረቤቶች ቢላዋ ሲዋዋሱ እስክትሰማ ጠበቀችና ለእናቷ ደወለች። በሹክሹክታ ነገረቻቸው።

«ዝም በይ» አሉ እናቷ። «እሑድ ለእህትሽ ለቤዛ ሽማግሌ ይመጣል። የመምህሩ ቤት ሰዎች እኮ ናቸው፤ ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ ወሬ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዘሯ የታመመ ከተባለች ማን ይወስዳታል?»

«እናቴ፣ ልጄ እኮ ነው።»

«ግማሽ ነው ያለው ሐኪሙ። ለአንቺ እግዚአብሔር ደኅናውን ግማሽ ይሰጥሻል። ካልሆነም ትኩሳት አለው በይና አሳልፊው። ሴት ልጅ ዘዴ አያጣትም።»

ስልኩን ዘጋችና ዘዴውን አንድ በአንድ መረመረችው። ትኩሳት አለው ብትል እማማ ለተሥላሴ እጃቸውን ግንባሩ ላይ ያደርጋሉ፤ ሰባት የወለደች ሴት እጅ አይታለልም። ቢታለልም ሳምንት ታገኛለች፤ በሳምንቱ አያ ገበየሁ ይመለሳሉ። ምክንያት ሳትሰጥ እምቢ ብትል ሃይማኖት ለወጠች ይሏታል፤ ያኔ እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት ልጁን አንሥተው ሊያስገርዙት ይችላሉ፤ ምንም ክፋት ሳያስቡ፣ ሊያድኑት ብለው። እውነቱን ብትናገር የቤዛ ነገር አለ። ቤዛ የእናቷ ቤት ትንሿ ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳለች፤ ሊያገባት ያለውን የመምህሩን ልጅም ትወደዋለች። ሁሉንም መንገድ አየች፤ ልጁ በእርግጥ በሕይወት የሚያድርበት አንድ ብቻ ነበር። ይህን ካወቀች በኋላ ፍርሃቱ ባይለቃትም ማመንታቱ ለቀቃት።

ባሏ ተስፋው ለግዝረቱ ከብየዳ ቤቱ መጣ፤ በሩ ላይ ቱታውን አውልቆ እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጥቦ ገባ። መጋረጃውን አልፎ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ልብሱ የጋለ ብረት ይሸት ነበር። ነገረችው። መንግሥቴን፣ የእህቷን ልጅ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሳትጨምርና ሳትቀንስ። ተስፋው ጣቱን ልጁ መዳፍ ውስጥ አደረገ።

«ከሠርጋችን በፊት ታውቂው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩህም።»

 ከመጋረጃው ወዲያ እናቱ ለአንዲት ጎረቤት ስለ ቅቤ ዋጋ ያወራሉ፤ ኪሎው ሺህ ሁለት መቶ ገባ፤ እኔ ባላመጣ ምን ይውጣቸው ነበር ይላሉ።

«ግማሽ ከሆነ» አለ ተስፋው በመጨረሻ «ደኅና ሊሆንም ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል። ደስ ይለኛል። ግን በልጄ ዘውድና ጎፈር አልጣጣልም።»

«እሺ... ለዛሬ አመመው እንበላቸዋ። ከዚያ ቀስ ብለን...»

«እናቴም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ተስፋው፣ ቀስ እያልን እኮ ነው እዚህ የደረስነው።»

«ለእማዬ ማን ይነግራታል?» አለ። ድምፁ የሕፃን ሆነ።

«እኔ ነኛ፤ ጎረቤት መሰልኩህ?» አለች አገኘሁሽ። ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ አልሳቀም።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ደግሰው ቤቱን ጠበል ሊረጩ በዚህ መሐል መጡ። ሁሉም ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። እሳቸው ካህን ናቸውና መጋረጃውን አልፈው ይገባሉ። ጸሎት አደረሱ፤ አልጋውን፣ ሲንጀሩን፣ ልጁን ረጩ፤ ልጁ ውኃው ሲነካው ፊቱን ጨመደደ። «ወንድ ነው፣ ይቆጣል» ብለው ሳቁ። አገኘሁሽ መስቀሉን ከሳመች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ ጠየቀች።

«መምሬ፣ ልጄ ሳይገረዝ አርባ ቀኑ ቢደርስ አያጠምቁልኝም?»

ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው ወሬ ቆመ። መምሬ ደግሰው ጠበላቸውን ዘጉ። አሳላቸው። ወደ ተስፋው አዩ፤ ተስፋው መሬት መሬቱን ያያል።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ለጠየቅሁት ይመልሱልኝ።»

«ጥምቀትማ... ጥምቀት በግዝረት አይከለከልም። ግዝረት የአባቶቻችን ልማድ ነው። ሕጉ ጥምቀቱ ነው።» መልሱ የሚያውቁት መልስ ነበር፤ ግን ሲናገሩት የሰው ዕቃ እንደሚያወጣ ሰው ግራ ቀኝ አዩ። «ልማዱን ግን ማፍረስ...»

«ይበቃኛል መምሬ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እማማ ለተሥላሴ መጋረጃውን በሙሉ ክንዳቸው ገለጡት። ፊታቸው ላይ ንዴት ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር፤ በአማርኛ ጀምረው ወደ አገራቸው ቋንቋ ወደ ኽምጣንጛ ዞሩ፤ ነገሩ ለልጃቸው እንጂ ለእሷ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ እሷም ቋንቋውን እንደምትሰማ ያውቃሉ። ሚስትህን ማን መከራት፣ የከተማ ጸሎት ቤት ነው ወይ የከተማ ሐኪም፣ ሲሉ ጠየቁት። ተስፋው ወደ ልጁ አጎነበሰ። መምሬ ደግሰው «እኔ ልሂድ፣ ማኅበር አለብኝ» አሉ። ማኅበር አልነበረባቸውም፤ ዶሮውን ሳይበሉ ሲሄዱ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

አያ ገበየሁ የተመለሱት በዚህ ሰዓት ነው። በሩ ላይ ካህኑን ተሳለሙ፤ ገቡ፤ አግዳሚው ላይ ንጹሕ ነጠላ ዘረጉ፤ ከኪሳቸው በወረቀቱ እንደታሸገ ያለ አዲስ ምላጭ አወጡ፤ እጃቸውን በአረቄ ታጠቡ። ሥራቸውን ያለ ጥድፊያ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ነጠላው ላይ ወድቃ ነበር።

«በይ፣ አምጪው» አሉ እማማ ለተሥላሴ፤ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ።

አገኘሁሽ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ተነሣች። ወገቧ ገና አልጠናም። ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በአማቷ በኩል አልፋ መጋረጃውን ወጣች፤ ሲንጀሩ ላይ ያለው ጨርቅ ጋቢዋ ነክቶት መሬት ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። አያ ገበየሁ አራስ ፊታቸው ስትቆም ደንግጠው ዐይናቸውን መለሱ።

«አያ ገበየሁ» አለች «ጠዋት የጠየቁኝን አሁን ልመልስልዎ። አለ። ወንድሜ መንግሥቴ በስምንተኛው ቀን ተገርዞ በሦስተኛው ቀን ደሙ ፈስሶ ሞቷል። የእህቴ ልጅ በሰው ደም ነው የተረፈው። ሐኪም በእናት ቤት ነው የሚመጣው ብሏል። ይህ ልጅ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ተመርምሮ እስካውቅ ድረስ ምላጭ አይነካውም። ደሴም ሆነ አዲስ አበባ እወስደዋለሁ። ደኅና ከሆነ እሰጥዎታለሁ፤ ካልሆነ እንዳለ ያድጋል።»

ቤቱ ውስጥ የዶሮው ክንፍ ብቻ ይሰማ ነበር፤ እስካሁን አልታረደም። አያ ገበየሁ ምላጩን ወደ ወረቀቱ መለሱ። ነጠላቸውን አጠፉ፤ መጀመሪያ በሁለት፣ ከዚያ በአራት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እማማ ለተሥላሴ የዞሩት።

«አንቺ ሴት፣ ሬሳ ልታስታቅፊኝ ነበር?»

«እኔ ከየት ልወቅ? ሰባት ቤት ቆጥረን...»

«ሰባት ቤት ቆጥረሽ አንዲት ሴት መጠየቅ አቃተሽ? መጋረጃ ነው እንጂ ወንዝ አይደል የሚለያችሁ!»

ወጡ። ማር ቅመሱ የሚላቸው አልነበረም። እማማ ለተሥላሴ አግዳሚው ላይ፣ ነጠላው የተነሣበት ቦታ ላይ ተቀመጡ።  ሲናገሩ ድምፃቸው ጎልቶ በጎረቤት ግድግዳ የሚያልፍ ነበር።

«የታመመ ደም አስገባችሁብን! ለአንድ ወንድ ልጄ!»

«አዎ» አለች አገኘሁሽ። «ብትነግሪኝ ኖሮ ብለው ይቆጡኝ፤ መብትዎ ነው። አልነገርኩም። ግን ቁጣዎ ለእኔ ነው፤ ለልጁ አይደለም።»

«ወሸላ ልታሳድጊልኝ ነው? ወንዝ ወርዶ ሲዋኝ እኩዮቹ ሲስቁበት...»

«ይሳቁበት! የሚስቁበት ልጅ ይኑረኝ እንጂ።»

 እማማ ለተሥላሴ ተነሡና ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ኩታቸውን፣ የቅቤውን ቅል፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን። ዛሬውኑ ፃግብጂ እገባለሁ አሉ። ለተስፋውም የመጨረሻ ቃል ሰጡት። ልጁን ከእናቱ ተቀብለህ ስጠኝ፤ ሌላ ገራዥ እኔ አላጣም፤ ወንድ ከሆንክ ዛሬ ወንድ ሁን። ተስፋው ከአልጋው ጫፍ ተነሣ። ወደ አገኘሁሽ መጣ፤ ሁለት እጁን ዘረጋ። አገኘሁሽ ዐይን ዐይኑን አየችው፤ ከዚያ ሰጠችው። ተስፋው ልጁን እንደሚሰበር ዕቃ ደረቱ ላይ አደረገና መጋረጃውን አልፎ ገባ፤ አልጋው ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ።  ልጁን ለእናቱ አልሰጣቸውም።

እማማ ለተሥላሴ የቅቤውን ቅል ከማሩ ቅል አጠገብ መለሱት። «እሱ ምን አጠፋ» አሉ ለማንም ሳይሆን፤ ኩታቸውን ተከናንበው ወጡ። አገኘሁሽ እስከ በሩ ተከትላቸው እግራቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሳቸው እግራቸውን ሸሸጉ። የጎረቤት ሴቶች ደጃቸው ላይ ቆመዋል፤ ሁሉም ሰምተዋል። አንዷ «ምን ጉድ ነው?» አለቻት። አገኘሁሽ «ልጄ አልተገረዘም» ብላ በሩን ከፍታ እንደተወችው ተመለሰች። ሊዘጋ የሚገባው በር መስሎ አልታያትም።

ወሬው አምደወርቅ ለመድረስ ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ስልኳ ሲጮኽ እናቷ መሆናቸውን አውቃ አነሣችው።

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ።»

«ቤዛን ገደልሻት። በገዛ እህትሽ ላይ...» እናቷ አለቀሱ። አገኘሁሽ ጠበቀቻቸው፤ ልቅሶው እሷንም ያዛት፤ ግን ይቅርታ አልጠየቀችም። ከልቅሶው ኋላ ትግል የሚመስል ድምፅ ተሰማና ስልኩን ሌላ ሰው ያዘው።

«እትዬ፣ ቤዛ ነኝ። እውነት ነው ጋሽዬ መንግሥቴ በዓይን አይደለም የሞተው?»

«አይደለም።»

«እኔም ወንድ ብወልድ...»

«አንቺም፣ እኔም፣ ብርሃነሽም። አንድ ነን።»

 ከቤዛ ኋላ እናታቸው ስልኩን አምጪ ይላሉ።

«ዛሬ የሰው አፍ ባይነግረኝ ልትነግሪኝ ነበር?»

አገኘሁሽ አዎ ልትል ፈለገች። ተስፋው ከአልጋው ላይ ያያታል፤ ልጁ ደረቱ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አፉ በትንሹ ተከፍቷል።

«አልነበረም» አለች። «ሽማግሌው እስኪያልፍ፣ ከዚያ ሠርጉ እስኪያልፍ እል ነበር። ከዚያም አንቺ ትወልጂ ነበር።»

«እሑድ ሲመጡ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ቤዛ።  «ለሽማግሌዎቹ አይደለም፤ ለእሱ። ከሄደም ይሂድ። ልጄን ወደሚያስቀብረኝ ቤት ከምገባ...»

«ስልኩን ዝጊው!» አሉ እናታቸው ከኋላ። «ሰው ይሰማሻል፣ ዝጊው እልሻለሁ!»

«አልዘጋውም» አለች ቤዛ። «እትዬ፣ እዚያው ነሽ? ሐኪሙ ያለውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ጮክ ብለሽ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።»